ያልወደቀችው ጥይት

ቅዳሜ የተኮስኳት ጥይት እስካሁን አልወደቀችም።

ጥይት ስል የምር ጥይት አይደለችም፤ ሽንብራ የምታክል ነጭ የፕላስቲክ ኳስ ናት። ጠመንጃውም ኤርሶፍት የሚባለው የጨዋታ ጠመንጃ ነው። የሰጠኝ ጓደኛዬ የጨዋታ ሜዳው ተዘግቶበት ነው፤ አሁን ስልኩን አያነሳም። ጥይቷ ሰው ስትመታ ትቆጠቁጣለች እንጂ አትገድልም። ዓይን ካገኘች ግን ታጠፋለች። ይህ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

ጠመንጃው ላይ ሆፕ አፕ የሚሏት ጥርስ ያላት ትንሽ መዘውር አለች። ጥይቷ ስትወጣ ከላይ ትፈትጋትና ወደ ኋላ እያሽከረከረች ትሰዳታለች። የምትሽከረከር ጥይት ቶሎ አትወድቅም። መዘውሯን ጥቂት ያዞረ ቅርብ ይጥላል፣ ያበዛ ሽቅብ ይሰዳል። ከዚያ ጠመንጃው ላይ የተገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር ይስተካከላል፤ ጥይቷ የት እንዳረፈች አይቶ በመነጽሩ ውስጥ ያለውን መስቀል እዚያው ማምጣት ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ሰልፉ ሰልችቶኝ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የሰርዲን ቆርቆሮ እኛ ጣሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች መንገድ ላይ ቀሩ። ተናደድኩና መዘውሯን እስከ መጨረሻው አዞርኳት። እንደገና ላነጣጥር ስል መነጽሩ ወደ ታች አዘንብሎ ስለነበር አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ሲያወዛውዝ አየሁ። መነጽሩ ገና ስላልጠራ ፊቱ ደብዛዛ ነበር፤ የማን መስኮት እንደሆነም ልብ አላልኩም። ሰላምታ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ከዚያ ዓይኔን መነጽሩ ላይ መለስኩና ወደ ቆርቆሮው ተኮስኩ።

ጥይቷ ከቆርቆሮው በላይ አልፋ ሄደች። እሁድ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው አቅጣጫ ተመልሳ መጣች። ዓለምን ዞራ ይሁን ከተማውን ብቻ አላውቅም። የጣሪያችንን ዲሽ ገጭታ አለፈች። ሰኞ አራተኛ ፎቅ የሳሎን መስኮት ሰብራ ገብታ በማዕድ ቤት በኩል ወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፈሙዝ ስለወጣ ግን አባቶቻችን ያሉት የለም።

የብሎኩ ኮሚቴ ወዲያው ተሰበሰበ። እንዴት ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሁሉም የጠየቀው ተረኛው ማን እንደሆነ ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ደምሰው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ውሳኔውን አነበቡ፦ ተረኛው ቤት በሰዓቱ የፊትና የኋላ መስኮቱን ይከፍታል፤ ሰው ሁሉ ቁጭ ይላል። ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ከፍተው ቁጭ አሉ፤ በሰላም አለፈች።

እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን።

ረቡዕ ጠዋት የፊት ለፊቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ ጠመንጃውን እንደ ቅዳሜው ወደ ቆርቆሮው ደግኜ በመነጽሩ አየሁ። መስቀሉ ማንም ሳይነካው በየቀኑ ይወርድ ነበር። አሁን የኛን መጋረጃ ይዟል፤ ቁመቱም ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ፣ ከቆመች አጭር ሴት ዓይን ትክክል ነው። እኛ ቤት ውስጥ አጭር ሴት አለች። እናቴ ናት። የቀኝ ዓይኗን ሞራ ከተገፈፈች ሳምንት አልሞላትም፤ በዚያ ዓይን ነው የምታየው፣ ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወርድ፣ ጎንበስም እንዳትል አዟል። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ የቀረው ቀና ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበር።

ችግሩ እናቴ ለሰው የምትነሳ መሆኗ ነው። ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ትነሳለች። ለጎረቤት ሕፃን ትነሳለች። ሐኪም ቤት ዓይኗ ታስሮ ሳለ በሩ በተከፈተ ቁጥር ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ትነሳ ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» አልኳት።

«ምን አስነሳኝ?»

«ሰው ቢመጣ።»

«ሰው ቢመጣማ እንዴት ቁጭ እላለሁ?»

«በሩን እቆልፈዋለሁ።»

«በጠራራ ፀሐይ በር የሚቆልፍ ምን የሰረቀ ነው?» አለች።

ቆለፍኩት። መስኮቶቹን ከፈትኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ፊት ለፊቱ መስኮት አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

«አስናቀ! መስኮት ከፍታችኋል?» ጋሽ ደምሰው ናቸው። ኃላፊነት የሚሰማቸው ሰው ናቸው።

«ከፍተናል! አይግቡ፣ ጋሼ!»

«ጉድ በል! ሽማግሌ ደጅ ታቆማለህ?» አለች እናቴ። «ኖር!» ብላም ብድግ አለች።

«በእግዜር! አይነሱ፣ እትዬ ዘርፌ!» አሉ ጋሽ ደምሰው ከተቆለፈው በር ኋላ።

ተስፈነጠርኩ፤ አልደረስኩም። ጥይቷ በመስኮቱ ገባችና ከእናቴ ቀኝ ዓይን ፊት፣ ጣት በማያስገባ ርቀት፣ ቆመች። አልወደቀችም። እዚያው እየተሽከረከረች እንደ ትንኝ ትጮኻለች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ወደ ዓይኗ ተጠጋች። እናቴ ራሷን ወደ ኋላ ስትስብ ተከተለቻት።

«እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።»

«እሷ ቆማ?» አለች። «እንግዳ አቁሜ አልቀመጥም።» ዓይኗን አልጨፈነችም። «ደግሞ እንዴት ጥርት ብሎ ይታያል!»

«ምኑ?»

«ውስጧ። ሰው ጣሪያ ላይ ቆሟል። ጠመንጃ ይዟል። አንተን ይመስላል፤ ያንን ቡናማ ሹራብህን ለብሷል።»

የፊት ለፊቱን ጣሪያ አየሁ። ከውኃ ታንከሩ በቀር ምንም የለም። ቢሆንም መስኮቱ ጋ ሮጥኩና ሁለት እጆቼን አወዛወዝኩ። አቁም ማለቴ ነበር። ትከሻዬ እስኪዝል አወዛወዝኩ።

«አየህ» አለች እናቴ ከኋላዬ።

«ምን አደረገ?»

«ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳህ። ያሳደገችው እናት ትባረክ።»

የጥይቷ ድምፅ ቀጠነ።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን ዓይኑን መነጽሩ ላይ መለሰ።»