ሁለተኛው ተረኛ

«እሳቸው ለሁላችንም አባት ነበሩ» አለ የማረፊያ ቤቱ አዛዥ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድሟን «አንተ ና፣ አንተ ሂድ» ሲል የኖረ አፍ፣ ሰውየው በተቀበረ ማግስት «እሳቸው» ማለት ጀምሯል። እሳቸው ለመባል መሞት ግድ ነው ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ አንተም አይቀርልህም፣ አለች በሆዷ።

«ልባቸው ነው የከዳቸው» ቀጠለ አዛዡ። «ኮሪደሩ ላይ እየሄዱ ሳለ፣ ድንገት። ማንም ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም።»

በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት ጎረቤቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። የወንድሟ ሚስት እንደ አዲስ አለቀሰች። አዛዡ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየና መልሶ እጅጌውን ሳበበት። ልብስ ሰፊዋ ይህንንም አየች። ዕድሜ ልኳን የተጣመመ ስፌት ስትፈልግ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗን ማታለል ቀላል አይደለም።

ጠባቂዎቹ አዛዡን በሌለበት «ሰርኩላር» ይሉታል። ሰው ይጨመርልን ሲሉት ሰርኩላር ይጽፋል። ሽንት ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ ሲሉት «የንጽሕና አጠባበቅን ስለማሳወቅ» የሚል ሰርኩላር ያስለጥፋል። ወንድሟ ይህን ሲያወራላት ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እሷ ግን አትስቅም። «የሚስቀው እሱ ነው፣ አንተ ላይ» ትለው ነበር።

እናታቸው ስትሞት እሷ አስራ ሰባት፣ እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር። ትምህርቷን ጥላ የሰው ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። አስተማሪ ይሆንልኛል ብላ ነበር። እሱ ግን በከተማው ማረፊያ ቤት በጠባቂነት ተቀጠረ። «ለስድስት ወር ነው እታለም፣ የተሻለ እስካገኝ» አላት። ስድስት ወሩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ደንበኞቿ ወንድምሽ ምን ይሠራል ሲሏት «የመንግሥት ሥራ» ብላ ወሬውን ትቀይራለች። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ የማረፊያ ቤቱን በር አልረገጠችም። በር ለመዝጋትና ለመክፈት ነው ያሳደግሁት? ትል ነበር፤ ፊት ለፊቱም ብላዋለች።

ከአንድ ወር በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሱቋ መጣ።

«እታለም፣ አንድ ሱሪ ስፊልኝ። ማሰሪያ የሌለው። ቀበቶ ማስገቢያም፣ ላስቲክም እንዳይኖረው። ወገቡ ጠበብ ብሎ በራሱ ይያዝ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ሱሪ የሚለብሰው?»

ነገራት። አእምሮው የታመመ ሰው ነው። የሱቅ መስተዋት ሰብሮ ያዙት። ሆስፒታሉ አልጋ የለኝም አለ፤ መርማሪው መዝገቡ አልተሟላም አለ፤ አዛዡም የታወቀውን አደረገ። ሰውየው አርባ ቀን አለፈው። ሁለት ጊዜ በሱሪው ማሰሪያ ራሱን ሊያንቅ ሲል ደርሶበታል።

«አስራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ» አላት። «ለሰላሳ ሰው በተሠራ ቤት ዘጠና አራት ሰው አለ። ሁልጊዜ ዓይኔን እሱ ላይ ብቻ ማድረግ አልችልም።»

«እኔ የሙሽራ ልብስ ነው የምሰፋው» አለችው። «ለእብድ ሱሪ አልሰፋም። አንተም ቁልፍህን ያዝና ዝም በል፤ ሐኪም አይደለህ።»

አልተቆጣም። ከቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል ወፈር ያለውን መርጦ አጠፈና መርፌና ክር ለመናት። የሰጠችውም ቶሎ እንዲሄድላት ነው።

አዛዡ ከሄደ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ጢሙ ያደገና የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ማንም የሚያውቀው አልነበረም። በሩ አጠገብ የነበሩት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። ሰውየው ቤቱን በዓይኑ ቃኘና በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ መጣ።

«እርስዎ እታለም ነዎት?»

ደነገጠች። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ማን ነገረህ?»

«ጋሼ ናቸዋ። እጇ ወርቅ፣ አፏ ምላጭ ነው ይሉን ነበር።» ወዲያው ያለው ነገር አሳፈረውና አቀረቀረ። «ሾፌር ነኝ። በግጭት ተይዤ ሃያ ሦስት ቀን እሳቸው ጋ ነበርኩ። ትናንት ተፈታሁ። ፈጣሪ ያጽናዎት።»

ይዛው ወደ ጓሮ ወጣች። የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና «ኮሪደር ላይ ሲሄድ ነው የሞተው?» አለችው።

«እንደሱ ነው ያሏችሁ?» አለ ሾፌሩ። ከዚያ እውነቱን ነገራት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። የታመመው ሰው የታሰረበት ጠባብ ክፍል ከትልቁ ክፍል ፊት ለፊት ነው። ሰውየው ብርድ ልብሱን ቀዶ፣ ጎንጉኖ፣ መስኮቱ ብረት ላይ አስሮ ተንጠለጠለ። ወንድሟ በሩን ከፍቶ ገባ፤ እግሮቹን አቅፎ ወደ ላይ አነሳው። ግን ተሸክሞ መፍታት አይችልም፤ ልፍታ ብሎ ቢለቀው ይሞታል። «ተረኛ! ተረኛ!» ብሎ ተጣራ። ደንቡ ሁለት ጠባቂ ይላል። ማንም አልመጣም።

«ከዚያ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? በአንድ እጃቸው ሰውየውን እንደያዙ፣ በሌላው የቁልፉን ዘለላ ከወገባቸው ነቅለው ወደ እኛ ወረወሩት። 'ሾፌሩ! ክፈትና ና!' አሉኝ። እጄን በብረቱ መሃል አሾልኬ ከፈትኩ። ሮጥኩ። እኔ ፈታሁት። ተነፈሰ።» ሾፌሩ ቀጠለ። «እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ ተደገፉ፤ ከዚያ ተንሸራተው ቁጭ አሉ። መኪና እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ፈጀ።»

«የእናንተ ክፍል በር ክፍት ነበር?»

«ወለል ብሎ።»

«ማንም አልወጣም?»

«ወዴት ይወጣል እትዬ? ጋሼ መሬት ላይ ሆነው!»

ለመጠየቅ የሚያስፈራት አንድ ነገር ነበር። «ሰውየው... ምን ሱሪ ነበር የለበሰው?»

«ጋሼ የሰፉለትን። ስፌቱ አይጣል ነው፤ አንዱ እግር ካንዱ በስንዝር ያጥራል። እንስቅባቸው ነበር። ግን ማሰሪያ አልነበረውም። ብርድ ልብስ ወደ መቅደድ የሄደውም ለዚያ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ንቃለች፤ የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ከሁሉም አብልጣ የናቀችው፣ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋዋን ሴት ነበር።

«አሁን የት ነው ሰውየው?»

«ሆስፒታል ወሰዱት። በዚያኑ ቀን አልጋ ተገኘ።»

«ተገኘ?» አለች። ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። «አስራ አንድ ደብዳቤ ያላገኘው አልጋ!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አዛዡ ተመልሶ መጣ። አብሮት የወንድሟ የፈረቃ ባልደረባ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንባውን እየጠረገ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሲወጣ ሲገባ የከረመ ሰው ነው። አዛዡ ከሟች ሚስት ጎን ተቀመጠና ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው» አላት በዝግታ። «ይህ ካልተፈረመ፣ ያለ ፈቃድ በር ከፍተው ቁልፍ ለእስረኛ ሰጥተዋል ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስማቸው ይጠፋል። እኔ ደግሞ ስማቸው እንዲጠፋ አልፈልግም።»

ሚስትየዋ እስክሪብቶውን ያዘች። እንኳን ወረቀት፣ የተሰጣትን የሻይ ኩባያ መያዝ አቅቷት የነበረች ሴት ናት።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነስታ ወረቀቱን ከሚስትየዋ እጅ ወሰደች። መነጽሯን አደረገች። ቤቱ ሙሉ ሰው እንዲሰማ፣ ቃል በቃል አነበበችው። «ሟች የልብ ሕመማቸውን ከመሥሪያ ቤቱ ደብቀው ሲሠሩ የቆዩ መሆኑን... እኔ ባለቤታቸው አረጋግጣለሁ።» ወረቀቱን አጠፈች። «ትናንት አባታችን ነበሩ። ዛሬ ደባቂ ሆኑ?»

«እትዬ፣ ይህ የአሠራር ጉዳይ ነው...»

«የዚያን ቀን ሁለተኛው ተረኛ ማን ነበር?»

«መዝገቡ ላይ አለ።»

«መዝገቡን አልጠየቅኩህም። ሰውየውን ነው የጠየቅኩህ። ወንድሜ ሰው ተሸክሞ ሲጣራ የት ነበር?»

አንቱታው ሲወድቅ ሰው ሁሉ ቀና አለ። አዛዡ ቀላ። «ይህን ወሬ ማን ነው ያመጣው?» ብሎ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሾፌር ላይ አረፈ። «እስረኛ ነው የምታምኑት?»

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ባልደረባው ነበር። ቆሟል።

«መዝገቡ ላይ ያለሁት ሁለተኛው ተረኛ እኔ ነኝ። የፈረምኩት ጠዋት ነው። ከዚያ...» አዛዡን ሳያይ እጆቹን ዘረጋ። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል። «የአዛዡን ሳሎን ስቀባ ዋልኩ። ሂድ ተባልኩ፣ ሄድኩ።»

ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ወይ ጉድ» አሉና አዛዡን ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ አዩት።

«ይህ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው!» አለ አዛዡ፣ ተነስቶ።

«ሰርኩላር ጻፍበታ» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

አዛዡ ቆቡን ሳያደርግ ወጣ። በሩ ላይ አንድ ሰው እንኳ ሊሸኘው አልተነሳም። ነገ ሌላ ወረቀት ያዘጋጅ ይሆናል፤ እሷም ታውቀዋለች። ይህችኛዋ ግን ሳትፈረም ቀረች።

ባልደረባው ሊጠጋት ሞከረ። «እትዬ፣ የተጠየቅሁበት ቦታ ሁሉ ይህንኑ እናገራለሁ። ይቅር...»

«ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብህ» አለችው። «ተናገር፤ እሰየው። ይቅርታውን ግን ከእኔ አትጠብቅ። ቀለምህን ታጠብና ና።»

ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። ሚስትየዋን ወደ ውስጥ ወስደው አስተኟት። ሾፌሩም ሊሄድ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው። ራሷም ከወንበሯ ወርዳ አጠገቡ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ሻይ አምጥታ ፊታቸው አኖረችና ሄደች። ልብስ ሰፊዋ አንዱን ኩባያ ወደ ሾፌሩ ገፋ አደረገችለት። ስትናገር ድምፅዋ ምላጭ አልነበረበትም።

«ያን አርባ ደቂቃ... ሲሚንቶው ላይ ነው የተኛው? ባዶ ሲሚንቶ ላይ?»

«አይ እትዬ» አለ ሾፌሩ። «ጭንቅላታቸውን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። እዚህ ነበር።» ጉልበቱን አሳያት።

ልብስ ሰፊዋ ጉልበቱን አየችው። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ እዚያው ላይ አሳረፈች፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስም አላነሳችውም።