የሻለቃ ኪሎ

ልብስ ሰፊው ውሻውን ሻለቃን ወደ እንስሳት ሐኪሟ የወሰደው አሞት ሳይሆን፣ እንዳያመው ብሎ ዓመት ጠብቆ ነው። ሐኪሟ ጥርሱንና ድዱን አየች፤ ጆሮውን በመብራት ፈተሸች፤ ልቡን አዳመጠች፤ ሆዱን ዳበሰች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ወጋችው። ሻለቃ እንደ ስሙ ኮራ ብሎ ቆመላት። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ከአምናው በጣም ጨምሯል። ምን እያበሉት ነው?»

«ኧረ እኔ በልክ ነው የምሰጠው!» አለ ልብስ ሰፊው ቱግ ብሎ። «ልክ ማወቅ ደግሞ ሙያዬ ነው።»

«ታዲያ ሌላ የሚያበላው ሰው አለ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እናቴ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ...» ብሎ ጀመረና የራት ሰዓታቸው ትዝ አለው።

ራት ሲበላ ሻለቃ ከእናቱ እግር ሥር አይነሳም። የእናቱ ሳህን ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚነሳው፤ እሱም ደስ ብሎት «እሰይ እማዬ፣ እንዲህ ብይልኝ» ይላታል። ቀሚሴ ሰፋኝ ባለችው ቁጥር በዚህ ዓመት ደጋግሞ አጥብቦላታል። ጨርቁ እየተለጠጠ ነው ብሎ፣ የሸጠለትን ነጋዴ ሲረግም ከርሟል።

ጨርቁ አልነበረም።

«በሉ፣ ለከርሞ ደግሞ ይዘውት ይምጡ» አለችው ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች።

እሱ ግን የሻለቃን ማሰሪያ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እናቱን ሐኪም ያያት መቼ እንደሆነ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣልህ አለው።