ታርሞ የሚመለስ ካርድ

«ከሄድሽበት ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ጥያቄው የተጻፈበት ፖስት ካርድ ስዊድን ውስጥ፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ባለው የልደታ እናት ቤት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ከፊቱ የሊዝበን ቢጫ ትራም፣ ከጀርባው የጋሽ ሕሩይ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ። ስድስት ዓመት ግላስጎው ተምራ መመለሷን ሰምተው ነበር የላኩላት። ሁለት ጊዜ መልስ ጀምራ ሁለቱንም ቀደደች። ምን ይዛ እንደመጣች ራሷም አታውቅማ! አንድ ዲግሪ፣ አንድ ሻንጣ፣ ደግሞ ወዲያው ተነስቶ የመሄድ ፍላጎት። ዛሬ ነገ ስትል የጋሽ ሕሩይ ልብ ድንገት ቆመ። ዛሬ አርባቸው ነው።

ጋሽ ሕሩይ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ግን የእኔ የሚሉት ክፍል አልነበራቸውም። ስዊድኖች ሞደሽሞል የሚሉትን የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ልጆቹ ወዳሉበት ይሄዳል እንጂ ልጆቹ ወደ እሱ አይመጡም። ሰኞ ቬስቢ፣ ማክሰኞ ሁዲንጌ፣ ረቡዕ ደግሞ ሌላ ዳርቻ፤ በመጻሕፍት ያበጠ ቦርሳ አንግተው ከባቡር ባቡር። ክፍል ከጠፋ ሙዚቃ ክፍል ገብተው ከበሮዎቹ መሃል ያስተምራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ትምህርት ሲዘጋ ቤታቸው ያርፋሉ ያለ ተሳስቷል። ሚስታቸውን እትዬ ተናኜንና ልጃቸውን ሶሲን ይዘው፣ አሁንም ባቡር! ለሽርሽር ሲሆን ያለ እነሱ አንድ ጣቢያ አይሻገሩም።

ከደረሱበት ከተማ ሁሉ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ካርድ፣ በካርዱም ላይ አንድ ጥያቄ ይልካሉ። ተማሪው በአማርኛ መመለስ አለበት። መልሱን በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ከአሥር ነጥብ ሰጥተው፣ በፖስታ ይመልሱለታል። አሥር ያገኘ የለም።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአርባው ጸሎት አብቅቶ ምሳ እንደተነሳ፣ የድሮ ተማሪዎች የታረሙ ካርዶቻቸውን አውጥተው ይፎካከሩ ጀመር።

«እኔ አራት!» አለ ናታን፤ አሁን ፍሌሚንግስቤሪ ባለ ሆስፒታል ነርስ ነው። «የገዛ ስሜን ሳይቀር አርመውብኛል።»

«ተሳስተህ ጽፈህ ነዋ!» አለችው ትጊ። «ደግሞ ‹አንተ› እያልክ ነበር የምትጽፍላቸው፣ አብሮ አደግህ ይመስል።»

«ሰባት ዓመቴ ነበር እኮ!»

እትዬ ተናኜ በጥቁር ልብሳቸው እንደተቀመጡ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው ልደታ ላይ አረፈ።

«ልደታ፣ ስለ ተማሪዎቹ አንቺ ተናገሪ።»

«እትዬ፣ እኔማ መናገር አይገባኝም» አለች ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ። «የመጨረሻውን ካርድ አልመለስኩላቸውም።»

«አውቃለሁ። የፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ይከፍት ነበር።»

ልደታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በቃ ትታዋለች ስለው ምን ይለኛል?» አሉ እትዬ ተናኜ። «‹ተያት፤ ልደታ ስትዘገይ ነው ጥሩ የምትጽፈው።›»

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሶሲ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትመልስ ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። የአስተማሪ ልጅ ሆና! «ትራሙን የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ» አለች አሁንም በስዊድንኛ። «አባዬ ‹ቆማ የማታውቅ ልጅ ናት፣ የሚሄድ ነገር ፈልጊላት› ብሎኝ።»

ልደታ ተነሳች። ስለ ነጥብም ስለ ቀይ እስክሪብቶም አላወራችም። ግላስጎው ውስጥ አንድ ጠዋት ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ፣ አንዲት የሀገሯ ሰው የሆኑ አሮጊት ወረቀት ጨብጠው ሲያለቅሱ ማግኘቷን ተናገረች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነብላቸው የለም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ መስመር በመስመር በአማርኛ ነገረቻቸው፤ ዕጢው ክፉ እንዳልሆነ፣ ወደ ቤታቸው መሄድ እንደሚችሉ። በንግግሯ መሃል ቃል ሲጠፋባት ናታን ከኋላ አቀበላት፤ ማንም አልሳቀባትም።

«‹ይህን አማርኛ ማን አስተማረሽ?› አሉኝ። ጋሽ ሕሩይ አልኳቸው፣ የሚያውቋቸው ይመስል!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እሳቸውም እንደሚያውቋቸው ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው መረቋቸው። ‹ዘሩ ይባረክ፣ እግሩን አይመመው› ብለው።»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። አርባ ቀን ሙሉ ያቀረቀሩት እትዬ ተናኜ ቀና ብለው ግራና ቀኙን አዩ፤ ሰማችሁ? የሚሉ ይመስላሉ።

በመመለሻዋ ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አንድ ካርድ ገዛች። ባቡሩ ውስጥ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች።

«ጋሽ ሕሩይ፣ ከሄድኩበት ይዤ የመጣሁት የእርስዎን ምርቃት ነው። ስላቆየሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ደግማ ስታነበው አንድ ፊደል ተሳስታለች። ልትሰርዝ እስክሪብቶዋን አነሳችና ተወችው፤ እሳቸው የሚያርሙት ይኑር ብላ። በስማቸው፣ በሁዲንጌ አድራሻቸው፣ ቬስቢ ጣቢያ በር ላይ ካለው ቢጫ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቷን ቤት የፖስታ ሳጥን በየቀኑ የምትከፍተው እሷ ሆነች። በቀይ የታረመ ካርድ ግን አልመጣም።