እግር ያለው ቺፕ

ከሃያው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አሥራ አንዱ ሞቶ ተመለሰ። አለቃችን ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው፣ «አክስትሽ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ትገባለች። ዓይኗ ደክሟል» አሉኝ።

አክስቴ በዚህ ዎርክሾፕ ሃያ ሁለት ዓመት በካውያ ስትበይድ ኖራለች። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝም በዚያው ካውያ ነው። ቦርዱ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ የሚጮህ መሣሪያ ውስጥ ይገባል፤ ንድፉ የእኔ፣ ብየዳው የእሷ ነው።

የሞቱትን አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። ዕቃውን ከቦርዱ የሚያጣብቀው ስታኞ ያልያዘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ እግር የሌለው፣ መገናኛዎቹ ሆዱ ሥር የተደበቁ ቺፕ ጋ። ካውያ እዚያ አይደርስም። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስክሪን ላይ አጉልቼ ስሠራ ሁሉም ነገር የአውራ ጣት ያህል ይመስለኝ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት አክስቴን።

«የተማርሽው አንቺ። ቅጫም ላክሽልኝ፣ ቅጫም በየድኩ።»

«እንቢ አይባልም?»

«አትጩሂብኝ፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታማም።»

ለአለቃችን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ለዘመዴ ያደላሁ መሰላቸው። «አሥር ቦርድ ፊትዎ ትሥራ» አልኩ። «አንድ ከሞተ፣ እሷንም እኔንም አብረው ያሽጉን።» እሳቸውም ቀን ቆረጡልን።

የአዲሱን ንድፍ ረቂቅ ሳላጎላ በልኩ ወረቀት ላይ አተምኩና አማራጭ ዕቃዎቹን ከነሳጥናቸው አክስቴ ፊት ደረደርኩ። «ያለ ወረንጦ ማንሳት ያቃተሽን ጣይ።»

ያለ ርኅራኄ ጣለች።

«ይሄንንም?»

«ይሄንንም። ያስነጠሰኝ ዕለት የት አገኘዋለሁ?»

የቀሩት ሽቦ እግራቸው በቀዳዳ የሚያልፍ ሬዚስተሮችና ግራና ቀኝ እግር ያለው ወፍራም ቺፕ ነበሩ። ቦርዱ ሁለት ጣት ሰፋ። መሣሪያው ውስጥ ግን ቦታ ሞልቷል፤ ያጠበብኩት ለጌጥ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አለቃችን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። አክስቴ ቀና ብላም አላየቻቸው። ቦርዱ ሲገለበጥ ዕቃው እንዳይወድቅ ከአጭሩ ጀምራ ወደ ረጅሙ በየደች። ካውያው ይነካል፣ ስታኞው ያበራል፣ እጇ ያልፋል። ስምንተኛው ላይ ትንፋሼን የያዝኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ ስለ ጫማዋ ታወራ ነበር።

አለቃችን ከቦርዱ ጋር የሚያያዘውን ሙቀት መለኪያ እንዲሞቅ በመዳፋቸው ጨብጠው አሥሩንም ሞከሩ። አሥሩም ጮኹ።

«ጥሩ ንድፍ ነው» አሉኝ።

«ዕቃውን የመረጠችው እሷ ናት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ።

አክስቴ ካውያዋን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጠረገች። «አለቃ፣ የማሸጊያ ክፍሉን ሰው ይላኩልኝ እንጂ። እነዚህ አሥሩ ቦታ ያዙብኝ።»