የሣህሊቱ ሳንጃ

ሣህሊቱ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ሽንኩርትም ጎመንም የምትከትፈው በአንድ ቢላዋ ነው። ቢላዋ ተባለ እንጂ የክላሽ ሳንጃ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ገብሬ ባድመ ግንባር ምሽግ ውስጥ ሆኖ አሳጥሮ፣ ስሎ፣ በፈቃድ የመጣ ጊዜ ሰጣት። ከዚያ እንደሄደ ቀረ።

ነጋሽ ካገባት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የገለምሶን መስመር በሚኒባስ ይሠራል። ሦስት ጊዜ አዲስ ቢላዋ ገዝቶላት፣ ሦስቱንም አመስግና ተቀብላ ለሠራተኞቿ ሰጠች። ሳንጃውን ግን ራሷ ታጥባለች፣ ራሷ ታደርቃለች። ስታደርቀው ፊቷ ላይ የሚታየው እርጋታ ነጋሽን ያንገበግበዋል። ገብሬ በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ይጣላው ነበር።

አንድ ማለዳ ሳንጃውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ መስመሩን ትቶ ሂርና ወረደ። እዚያ ሳቢር የሚባል የቀድሞ ወታደር ብረት ይበይዳል። ነጋሽ መንገድ ላይ አገኘሁት ብሎ፣ ቆራርጦ የበር ማጠፊያ እንዲያደርግለት ጠየቀው።

ሳቢር አገላብጦ አየው። እነሱም ግንባር ላይ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር፣ ጫፉ ቆርቆሮ ሲከፍቱበት ከተሰበረ ድንጋይ ላይ ለቀናት እያሹ እንደሚያስተካክሉት፣ ከጥይት ሣጥን እንጨት እጀታ ቀርጸው በስልክ ሽቦ እንደሚጠመጥሙት ነገረው። ከዚያ እጀታውን ጨበጠ። ትንሿ ጣቱ ከእጀታው ውጭ ቀረች።

«ይሄን የሠራው ሰው ለራሱ አልሠራውም» አለ። «ለሴት እጅ ነው የለካው። ፈልጋትና መልስላት፤ እኔ አልቆርጠውም።»

ነጋሽ እስከ ጭሮ ድረስ ያሰበው ያንን ነበር። ገብሬ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ የሣህሊቱን እጅ በልቡ ለክቷል። እሱ ግን አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ የጫማዋን ቁጥር እንኳን አያውቅም። ቅናቱ ባሰበት።

ሲደርስ ሣህሊቱ ሳንጃውን ፍለጋ ቤቱን ስታምሰው ውላ ዓይኗ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ አኖረላትና ሊያስቆርጠው እንደነበር ሳይደብቅ ነገራት።

«ከሞተ ሰው ጋር ምን አጣላህ?» አለችው።

«እኔ የሰጠሁሽን ነገር እንዲህ አድርገሽ ይዘሽ አታውቂም።»

ከፈለገ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ እንደምታስቀምጠው ነገረችው። ነጋሽ አሰበበት፤ ሣጥን ከገባማ እሱ በሌለበት እየከፈተች ልታየው ነው።

«ተይው» አላት። «እዚሁ እያየሁሽ ክተፊበት።»

ሽንኩርቱን ሳበች። ነጋሽ ተቀምጦ እጇን አየ። አውራ ጣቷ ላይ ከዚህ በፊት ልብ ያላለው የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። መቼ እንደተቃጠለች ጠየቃት።

«የተጋባን ሰሞን» አለችው።