የሚበላው ሻካራው ነው

አናጢው ማጭዱን አንስቶ ሐረጉን ከሥሩ ሊቆርጠው ሲል፣ አማቱ ድስት ታቅፈው በጓሮ በር ብቅ አሉ። ለጋ ለጋውን ሳልቀጥፍማ አይሆንም አሉት።

ሐረጉን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። በሁለት ክረምት አጥሩን ተሻግሮ፣ የአናጢውን የሥራ ቤት ጣራ አልብሶ፣ የተደገፈውን ጣውላ ሁሉ ጠምጥሞ ይዞታል። ጎረቤቱ «ሳይጠሩት አቤት» ይለዋል። ስሙ በተጠራ ቁጥር አሮጊቷ አብረው ይስቃሉ እንጂ ነገሩ ይነካቸዋል። ለሁለት ሳምንት ብለው ልጃቸው ቤት ከመጡ አምስተኛ ወራቸው ነው። እንግዳ ወርቅነቱ ለመጀመሪያው ቀን ነው ይባላል፤ እሳቸው ብሩንም ብረቱንም አልፈው ዝገቱ ላይ የደረሱ መስሏቸዋል። አማቻቸው ደግሞ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ ሰው ነው። ሰለቸሁት ብለው ደመደሙ። ወደ ቤታቸው ሊመለሱ መሆኑን ትናንት ለልጃቸው ሹክ ብለዋል፤ ለእሱ የሚነግሩት ዛሬ ምሳ ላይ ነው። ያን ባዶ ቤት ሲያስቡት ግን ሆዳቸው ይባባል።

ሐረጉን በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወንዝ ዳር ለቅመው በልተውታል። የሚበላው ግንዱ ሻካራ የሆነው ነው። ከእሱ ጋር ተጠላልፎ የሚያድገው ለስላሳው ቅጠሉ ቁርጥ እሱን ይመስላል፣ ሆድ ግን ያምሳል።

«በዓይንህ አትመነው ልጄ፤ ዳብሰው» አሉት።

ራሱን ነቅንቆ መሰላሉን ወጣ። ያመጣው እቅፍ ግማሹ ለስላሳው ነበር። ለይተው ጣሉለትና እንደገና አስዳበሱት። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ሦስተኛውማ ባሰ። ምን ዓይነት እጅ ነው፣ ከእንጨት ጋር ሲኖር እንጨት ሆኖ ቀረ ብለው ቀለዱበት። እሱም አቀርቅሮ ሳቀ።

ቅጠሉን ቀቅለው መራራ ውሃውን ደፉት። በሌላ ውሃ ደግመው ቀቀሉና በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አቁላሉት። እሳቸው ቀድመው ቀመሱ። አናጢው ሁለት ጊዜ አስጨምሮ ሳህኑን በዳቦ ወለወለው።

አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጁት ንግግር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው። እሱ ግን ያለወትሮው ቀደማቸው።

«ሥሩን ትቼዋለሁ። መቼ ያቆጠቁጣል?»

«በሳምንቱ።»

«እኔ መለየቱ አልሆነልኝም፤ እርስዎ ከሌሉ ይፈጀናል።»

ይህን ሲል አያያቸውም ነበር። አውራ ጣቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲሄድ ድንገት ቆመ። ከደረት ኪሱ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ አሸት አሸት አደረጋት። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ምንም የለም። በጣታቸው ነኩት፤ ምንም። እሱ ግን ዳበሰና ገና አለመለስለሱን አውቆ ደገመው።

ሦስቱን እቅፍ አሰቡ። ይህን ጣት ነው እንግዲህ ሲያስተምሩ ያረፈዱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«በሳምንቱ ገና ጫፉ ብቅ ቢል ነው» አሉ። «አሥር ቀን እንጠብቀው።»