የፍራንክፈርት አደራ

ኑኃሚን ከተሸኘች አሥራ አራት ወር ሆናት፤ የትም ግን አልሄደችም። ዛሬም ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቷ በተዉላት ቤት ውስጥ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ይትባረክ ፍራንክፈርት የባቡር ጥገና ሥራ አገኘና የእሱ ፈቃድ ቶሎ መጣ። «አንተ ቅደም፣ የሚስትህ በሁለት ወር ውስጥ ይደርሳል» ብሎ የመከራቸው ሰው ማን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ እንዲህ ያለ ምክር ባለቤት የለውም። እሱ ሄደ፣ እዚያም ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ውሉን ከማመልከቻቸው ጋር አስገባ። እሷ የጀርመንኛ ፈተናዋን አለፈች፤ ከዚያ «ልሄድ ነው» ብላ የትምህርት ቤት ጸሐፊነቷን ለቀቀች፣ ሶፋዋን ለእህቷ ሰጠች፣ ወዳጅ ዘመድ ጠርታ ተሸኘች። ቪዛ ሳይመታ መሸኘት ችኮላ ነው ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም በልቶ መርቆ ሄደ።

ሁሉም ደግሞ ዕቃ አስይዟታል። እዚህ አገር ተጓዥ ከተገኘ ባዶ እጁን አይለቀቅም። ጎረቤቷ እትዬ የኔነሽ ለልጃቸው በርበሬና ሽሮ አመጡ። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ናሲሞ ለወንድሟ ለዒልሚ በቅቤ የተጠበሰ የግመል ሥጋ በቆርቆሮ አድርጋ አመጣች። ኑኃሚን ራሷም ለይትባረክ ለቅማ፣ ቀምማ ያስፈጨችውን ሦስት ኪሎ በርበሬ ጨመረችና ሻንጣው ሳሎን ውስጥ ቆመ።

ወሩ በወር ላይ ሲደረብ በየማለዳው ስልኳን ትከፍታለች፤ መልሱ አንድ ነው፤ ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። «እንዴ፣ አልሄድሽም እንዴ?» የሚለው ሲበዛባት የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ገበያ መውጣት ተወች። ሻንጣውን ግን አልነካችውም። የሰው አደራ እቤቷ እስካለ ድረስ ተጓዥ ናት፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም እንጂ ታምነው ነበር።

ከዚያ የስምረት ወሬ መጣ። የሰፈሩ ነርስ ስምረት እዚያው ፍራንክፈርት ሆስፒታል ተቀጥራ ፈቃዷ በአራት ወር ወጣላት። በማግስቱ እትዬ የኔነሽ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። በርበሬው ቀለሙ ሳይሄድ በስምረት ልላከው ብዬ ነው። አንቺ ስትሄጂ አዲስ አስፈጭልሻለሁ።»

«ምን ቅር ይለኛል እትዬ፣ የእርስዎ አይደል?» አለች ኑኃሚን። ቅር ግን አላት። የገዛ ትኬቷን ከእጇ የነጠቋት ያህል አንገበገባት። ሴትዮዋን ክፉ ማለት አይቻልም፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ታግሰዋል።

ናሲሞ ከሁለት ቀን በኋላ መጣች። ተቀምጣ ውኃ ጠጣች፣ ስለ ሙቀቱ አወራች፣ ስለ ልጆቿ አወራች። መጨረሻ ላይ ዓይኗን ወደ ሻንጣው ላከች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ ይቅር ብዬ ነበር ዋላሂ። ዒልሚ ነው የደወለው።»

«ምን አለሽ?»

«ከምትሄደዋ ጋር ላኪልኝ አለ።»

የምትሄደዋ። ኑኃሚን ቆርቆሮውን አውጥታ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት፤ እስከ በር ድረስም ሸኘቻት።

ሻንጣው ውስጥ የቀረው የይትባረክ በርበሬ ብቻ ሆነ። የዚህኛው ባለቤት እንኳ መልሺልኝ አይልም ብላ ራሷን አጽናናች፤ እሱ የሚጠብቀው በርበሬውን ሳይሆን እኔን ነው አለች።

ዓርብ በምሳ ሰዓቱ ይትባረክ ደወለ። ጤና ተጠያየቁ።

«ስምረት ነገ ትበራለች አሉ» አለ።

«አዎ።»

«ደውዬላት ነበር። ትንሽ ኪሎ ይተርፈኛል አለችኝ።»

ኑኃሚን ሳይነግራት ገባት። ቢሆንም እስኪናገረው ጠበቀች፤ የሚለውን በራሷ አፍ ልታቀልለት አልፈለገችም።

«በርበሬዬን በእሷ ብትልኪልኝ... እዚህ የሚሸጠው አይሆነኝም።»

«እኔ ስመጣስ ምን ይዤ ልምጣ?»

ከጀርባው የባቡር ድምፅ ተሰማ።

«አድራሻውን እልክልሻለሁ፣ እሽጉ ላይ ጻፊበት» አለ። «ተቀይሯል።»

«ያኛው ቤትስ? ማመልከቻው ላይ ያለው?»

«ለቀቅኩት።»

«ይትባረክ፣ ያለዚያ ቤት እኮ ወረቀቱ አይሠራም።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ለብቻዬ ሰፋኝ፣ ኑኃሚን።»

አልተቆጣችውም። መቆጣት እንኳ ጉልበት ይጠይቃል። ስልኩን ዘግታ በርበሬውን በላስቲክ ደራርባ ጠቀለለች፣ በፕላስተር አሸገች፣ አዲሱን አድራሻ በማርከር ጻፈች።

እሽጉን ስምረት ቤት ራሷ ወሰደችው። ስምረትን በደስታ ስትራወጥ አገኘቻት። እሽጉን ተቀብላ ከእትዬ የኔነሽና ከናሲሞ ዕቃ አጠገብ ሸጎጠችው።

«ይትባረክን ሳገኘው ምን ልበልልሽ?» አለቻት።

ኑኃሚን የምትለው ብዙ ነበራት። የስምረት ሻንጣ ሲዘጋ ቆማ አየች።

«ድሬ ናት በይው» አለችና ወጣች።